ከጅሬን ኮረብታ ላይ ዓለምን መጥራት፦ የአማተር ሬዲዮ ቡድናችን የጅማ ማስታወሻ

ረቡዕ

ጅማ ላይ ሆነን በአንድ ዓለም አቀፍ የአማተር ሬዲዮ ውድድር ልንሳተፍ፣ ጎህ ሳይቀድ ከአየር ጤና ተነሳን። አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያለው ሰው ለፍቅሩ ሲል በራሱ ሬዲዮና አንቴና ከሌላው ዓለም ጋር የሚገናኝበት ነው። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የአሉሚኒየም ምሰሶና የፋይበር ዘንጎች ታስረዋል። ውስጥ ደግሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሬዲዮዎች፣ የመኪና ባትሪዎች፣ ትንሽ ጄኔሬተር፣ ጥቅል ጥቅል ኬብልና አንድ ካርቶን ሙሉ ማገናኛ አለ። እኛ በተረፈው ቦታ ተጠጋግተን ተቀመጥን። የቡድኑ ታላቅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የቴሌኮም ቴክኒሻን፣ ዋናውን ሬዲዮ እግራቸው ሥር አድርገው እስከ ጅማ ድረስ ለማንም አላስነኩም።

ይህን መንገድ ለማየት ከጥቅምት የተሻለ ወር አላውቅም። ከሰበታ በኋላ ያለው የበቾ ሜዳ ጤፉ ገና አልታጨደም፤ ነፋስ ሲነካው ሜዳው ሁሉ ይተኛና ይነሳል። ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን፤ ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ። ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ሸለቆ መውረድ ስንጀምር ሹራብ ወለቀ፣ መስኮት ተከፈተ።

ከድልድዩ ወዲህ ፍተሻ ነበር። ወጣቱ ፖሊስ ጣሪያው ላይ ያለውን ዘንግ አየና ወደ ውስጥ አንገቱን አስገባ።

«አባቴ፣ ይሄ ሁሉ ሽቦ ምንድን ነው?»

ጋሼ ፈቃዱን ከነማኅተሙ አውጥተው ሰጡት። እያንዳንዱ ዕቃ በመለያ ቁጥሩ ተዘርዝሯል። እዚህ ላይ ለሌሎች የምለው አለኝ፦ ሬዲዮ ይዞ የሚጓዝ ሰው ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ፈቃድ ይያዝ፣ የዕቃውንም ዝርዝር አብሮ ይያዝ። ፖሊሱ አንድ በአንድ አመሳከረና መለሰልን።

«ከማን ጋር ነው የምታወሩት ግን?»

«ከመለሰልን ሁሉ ጋር ነው ልጄ። ጃፓንም ይሁን ብራዚል።»

«እንግዲያው ጅማን በደንብ አስተዋውቁልን» ብሎ ገመዱን አነሳልን።

ለፖሊሱ በሁለት ቃል ያልነውን እዚህ ትንሽ ላስፋው። የመጣንበት ውድድር ሲ ኪው ወርልድ ዋይድ ይባላል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ በድምፅ፣ በኖቬምበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሞርስ፣ ማለትም በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚላኩ ፊደላት፣ ይካሄዳል። ለ48 ሰዓት፣ በስድስት ባንዶች (በሞገድ ርዝመታቸው የሚጠሩ የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች)፣ ማለትም በ10፣ በ15፣ በ20፣ በ40፣ በ80 እና በ160 ሜትር፣ የቻሉትን ያህል ጣቢያ አግኝቶ መመዝገብ ነው። ልውውጡ አጭር ነው፤ የጥሪ ምልክት (እያንዳንዱ ጣቢያ የሚጠራበት የፊደልና የቁጥር ስም)፣ የድምፅ ጥራት ቁጥርና የዞን ቁጥር። ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች፤ ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር 37ኛው ዞን ውስጥ ናት። ከሌላ አህጉር ጋር የተደረገ ግንኙነት ሁሉ 3 ነጥብ ያስገኛል። ከዚያ የነጥቡ ድምር በየባንዱ በተገኙት አገሮችና ዞኖች ብዛት ይባዛል። ስለዚህ አንድ ሺህ ጣሊያናዊ ከማግኘት ይልቅ ጥቂት መቶ ጣሊያናዊና ብዙ ልዩ ልዩ አገር ማግኘት ይበልጣል።

በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ አድርገን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዝን በኋላ ከሰዓት ጅማ ገባን። ከተማዋን አቋርጠን ወደ ጅሬን ኮረብታ ወጣን። ማረፊያችን የአንዱ የቡድናችን አባል አጎት ግቢ ነው፤ በቡና ተክልና በትልልቅ ዋንዛ የተከበበ፣ ሰሜኑ የተገለጠ። ጋሼ ከመኪና እንደወረዱ ዕቃውን ትተው ወደ አጥሩ ሄዱ፤ ከፊት የሚጋርድ ተራራ እንደሌለ አይተው ነው የቤቱን ባለቤት ለመሳም የተመለሱት።

ሐሙስ

ሐሙስ ጅማ የገበያ ቀን ነው። ሁለታችን ናይለን ገመድ ፍለጋ ሂርማታ ወረድን። ገበያው ውስጥ ማሩ፣ በርበሬው፣ ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ተደርድሯል። ገመዱን ከአህያ ጭነት ዕቃ ሻጭ አገኘን። ለካምፕ ተብሎ ከሚሸጠው ቀጭን ገመድ ይልቅ ይህኛው ፀሐይና ዝናብ ይችላል።

ግቢው ውስጥ ሥራው ተጀምሮ ጠበቀን። ለ40 ሜትር ባንድ የሚሆነው ሽቦ አንቴና ስሌቱ ቀላል ነው፦ 143ን ለድግግሞሹ ማካፈል። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ከ14 ሳንቲሜትር ይመጣል፤ ለሁለት ተከፍሎ በየጎኑ 10 ሜትር ከ7። ከዚያ ትንሽ አስረዝሞ ቆርጦ፣ ሰቅሎ፣ ለክቶ፣ አውርዶ ማሳጠር ነው። ችግሩ መስቀያው ነበር። ዋንዛው ረጅም ነው፤ ከመጀመሪያው ቅርንጫፍ በላይ የሚወጣ ሰው አልተገኘም።

የጎረቤት ልጅ፣ ዕድሜው አሥራ ሁለት ቢሆን ነው፣ ዳር ቆሞ ሲያየን ቆይቶ ወንጭፉን ከኪሱ አወጣ። ከሰብል ላይ ወፍ የሚያባርርበት ነው። ድንጋዩን በሲባጎ አስረን ሰጠነው። እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፣ ከራሱ በላይ ሁለት ዙር አዞረ፣ ለቀቀ። ሲባጎው ከጠቆምነው ቅርንጫፍ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ አለፈ። ድንጋዩን አስመልሶ፣ አንድ ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ነፋሱን ለካና እንደገና ወረወረ። አሁን ልክ በቅርንጫፉ መሃል አለፈና ድንጋዩ ከማዶ ቡናው ውስጥ ወደቀ። በሲባጎው ገመዱን፣ በገመዱ አንቴናውን ሳብን። እስከ ማታ ድረስ ሌሎቹንም ሽቦዎች የሰቀለልን እሱ ነው።

ለላይኞቹ ባንዶች ሄክስ ቢም የሚባለውን አንቴና ምሰሶ ላይ አቆምን። እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ ያለ ነው፤ በእጅ እየዞረ ለ20፣ ለ15 እና ለ10 ሜትር ያገለግላል። ጅማ ላይ አቅጣጫው ራሱ ያግዛል። አውሮፓ ከሰሜን ትንሽ ወደ ምዕራብ ነው፤ ሰሜን አሜሪካ ከዚያ ትንሽ ጋደል ብሎ። አንቴናውን አውሮፓ ላይ ያዞረ ሰው አሜሪካንም ከጎን ይሰማል። ለጃፓን ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ መዞር ግድ ነው።

ማታ ቡና ላይ የቤቱ ባለቤት ጥያቄ አመጡ። «ኦቦ» ነው የምንላቸው፤ ባለቤታቸውን ደግሞ «አዴ»።

«ልጆች፣ ስልክ በየኪሳችሁ አለ። ለምንድን ነው በዚህ ሽቦ የምትለፉት?»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና መለሱላቸው። ስልኩ ማማ ይፈልጋል፣ ኬብል ይፈልጋል፣ መሃል ላይ ኩባንያ አለ። በእኛ ሽቦና ጃፓን ባለው ሽቦ መሃል ግን ፀሐይ ከሞላችው የሰማይ ንብርብር በቀር ማንም የለም። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያለው አየር በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ሞገዱ እዚያ ደርሶ ታጥፎ ይመለሳል፣ ምድር ነክቶ እንደገና ይወጣል፣ እንዲህ እየዘለለ ዓለምን ይዞራል። ኦቦ ዝም ብለው አዳመጡና «ታዲያ ፀሐይዋ ስትደክምስ?» አሉ። ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ይህ ነበር። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ትበረታለች፣ ትደክማለች። በደከመችበት ዘመን የ10 ሜትር ባንድ አብዛኛውን ቀን ዝም ይላል፤ በበረታችበት ዘመን በትንሽ ኃይል ዓለም ይሰማል።

አርብ

ቀኑ በሙከራ አለፈ። ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች መጥተው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ እስከ መጨረሻው ቆየች፤ ስለ እሷ እመለሳለሁ።

ለተማሪዎቹ መጀመሪያ ያስተማርነው ሰዓት ነው። ውድድሩ የሚመዘገበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ በራሳችን እንቆጥራለን። መላው ግን ቀላል ነው፦ በእኛ ሰዓት ላይ 3 መደመር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 06፡00 ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት 12፡00፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት 15፡00። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እንደገና ከ1 ስለሚጀምር ለምሽት 12 ጨምሮ ማሰብ ነው። በዚህ ሒሳብ ውድድሩ የሚጀምረው ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

በጊዜ ተኛን።

ቅዳሜ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ሁላችንም ተነስተናል። አዴ ከእኛ በፊት ተነስተው ቡና አፍልተዋል። የገባንበት ምድብ ብዙ ኦፕሬተር፣ አንድ ማሰራጫ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ አጠገቡ ሆኖ ሁለተኛውን ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የጥሪ ምልክት ያጣራል፣ ሌላው ቀጥሎ የትኛው ባንድ እንደሚከፈት ይከታተላል። የቀሩት ይተኛሉ።

9 ሰዓት ሲሞላ በ40 ሜትር ጀመርን። «ሲ ኪው ኮንቴስት» ብለው፣ ለሁሉም የሚደረግ ጥሪ ነው፣ ጋሼ በኤኮ ታንጎ፣ ማለትም በኢ እና በቲ ፊደላት፣ የሚጀምረውን ምልክታችንን ጠሩ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አንድ ጣሊያናዊ መለሰ፤ ቀጥሎ ጀርመን፣ ቀጥሎ ፖላንድ። ከዚያ መድረሳችን ተሰማና ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ ወረደ። አማተሮች ፓይል አፕ የሚሉት ይህ ነው፤ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ስሙን ይጠራል። ያልለመደ ሰው ጫጫታ ብቻ ነው የሚሰማው። የለመደ ሁለት ፊደል ይመርጣል፤ «ሊማ ዩኒፎርም ብቻ!» ይላል፤ ሌላው ዝም ሲል ያ አንዱ ሙሉ ምልክቱን ይሰጣል፤ «ፋይቭ ናይን ሰርቲ ሰቨን» (ጥራት 59፣ ዞን 37)፣ «አመሰግናለሁ»፣ ቀጣይ። ጋሼ በዚህ ሥራ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። የሚጮህ ኦፕሬተር የሚጮህ ሰልፍ ይፈጥራል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ስትወጣ የታችኞቹ ባንዶች ይዳከማሉ። ዲ የሚባለው ዝቅተኛው ንብርብር በብርሃን ይፈጠርና የ80ንና የ40ን ሜትር ሞገድ ይመጥጣል። ወደ 20፣ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 10 ሜትር ወጣን። ከ3 ሰዓት ጀምሮ አንቴናውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዞርነው፤ ጃፓኖች ተሰለፉ። እንደ ጃፓን ሥርዓት ያለው ሰልፍ የለም፤ ያልተጠራ አይናገርም።

እዚህ ላይ ከልቤ የምለው አለ። ያ ሁሉ ሰው የሚሰለፍልን እኛ ጎበዝ ስለሆንን ብቻ አይደለም። አማተሮች አገርና ግዛት የሚቆጥሩበት ዝርዝር 340 ስሞች አሉት፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት፣ ከእሷ የሚሰማ ድምፅ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎች ኢትዮጵያን መዝገባቸው ውስጥ ያስገቡት ከአምስት ኪሎ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በሚሠራው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢ ቲ ስሪ አልፋ አልፋ፣ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ብርቅ መሆን ለውድድር ነጥብ ይጠቅማል፤ ለአገር ግን ጉድለት ነው። ጣሊያን ውስጥ ተራ የሆነ የጥሪ ምልክት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠራ ልጅ በሺህ ይቆጠራል፤ ያ ልጅ ነው ነገ ሬዲዮ የሚሠራው፣ ሳተላይት የሚከታተለው፣ አደጋ ሲደርስ መስመር የሚዘረጋው። እኔ የምመኘው ብርቅነታችን እንዲያልቅ ነው። አንድ ቀን ከጅማ፣ ከመቱ፣ ከጎባ እኩል እየተጠራ፣ ጃፓናዊው «ኢትዮጵያ? አለችኝ» ብሎ እንዲያልፈን።

ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አሜሪካ በ10 ሜትር መከፈት ጀመረች። የምንጠብቀው ሰዓት ነበር። ከምዕራብ ግን ደመናው ጠቆረ። የጥቅምት ዝናብ ጅማን ገና አልለቀቃትም። መጀመሪያ ጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ጠረር፣ ጠረር ማለት ጀመረ፤ መብረቁ ገና ሩቅ ሳለ ሬዲዮ ቀድሞ ይሰማዋል። ጋሼ ሁለት ጣሊያን ጨረሱና ማይኩን አስቀመጡ። «ንቀሉ» አሉ። ኬብሎቹን ሁሉ ነቅለን ከመስኮት ውጭ አደረግናቸው። አንዱ ወጣት ኦፕሬተር «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ካሊፎርኒያ እየሰማሁ ነው» ብሎ ለመናቸው።

«ካሊፎርኒያ ነገም አለች።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። አዴ የጤፍ ቂጣ በማር አቀረቡ። መብረቁ ከቦዬ ማዶ ሲርቅ መልሰን ሰካን፤ አሜሪካ አሁንም ነበረች።

ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው በባትሪ ስለነበር አልተቋረጠም፤ የጠፋው የክፍሉ አምፖልና የሰፈሩ ሁሉ መብራት ነው። በዚያች ቅጽበት የሆነውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስደስተኛል። በ80 ሜትር ላይ ከምሽቱ ጀምሮ የማያቋርጥ ሸሸሸ የሚል ጩኸት ነበር፤ ከሽቦው፣ ከቻርጀሩ፣ ከርካሽ አምፖሉ፣ ከየቤቱ ቴሌቪዥን የሚወጣ። መብራቱ ሲሄድ ያ ጩኸት በአንዴ ወደቀ። መለኪያው ላይ ሰባተኛ መስመር የነበረው መርፌ ወደ ሁለት ወረደ። ከሥሩ ሰዎች ተገኙ። ቅድም ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ አንድ የፊንላንድ ጣቢያ፣ ከእሱ ጎን ካናሪ ደሴቶች፣ ትንሽ ከፍ ብሎ በጣም ቀጭን የሆነ ሌላ ድምፅ። ተማሪዋ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ይዛ «እነዚህ ሁሉ ቅድምም ነበሩ?» አለች። ነበሩ። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ አንድም ሰው አልተኛም፤ የማባዣ አገሮቻችንን ብዙውን ያገኘነው ያን ሌሊት ነው።

እሑድ

ከጅሬን የንጋቱ አዛን ሲሰማ፣ ከታች ከከተማው ደግሞ ቅዳሴ እየተሰማ ነው ተረኛ የተቀየርነው። ተኝቼ ስነሳ አንድ ሰዓት ትርፍ ነበረኝና ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግሬ ወጣሁ። ከ1878 እስከ 1932 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት የእንጨት ሥራ ሰገነቱ ላይ ሲቆሙ ከተማው በሙሉ ከሥር ይታያል። ንጉሡ ቦታውን የመረጡት ለማየት ነው፤ ለመሰማትም እንዲሁ ይሆናል።

ሁለተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ብርቱዎቹ ጣቢያዎች አግኝተውናል፤ የቀሩት ደካማ ድምፆችና ገና ያልመጡ አገሮች ናቸው። ጥሪ እያቆምን፣ ባንዱን ከታች እስከ ላይ እየፈተሽን አደን ጀመርን። ሰዓቱ ቀስ ይላል፣ ጀርባ ያማል። ስለ እሑድ ከሰዓት በፊት ብዙ የሚጻፍ የለም።

ከሰዓት ግን ጋሼ ከወንበሩ ተነሱና ተማሪዋን «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት። ፈቃዱን የያዙት እሳቸው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ያለዚያ አይቻልም። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብላ ጠራች። ሰልፉ ወረደባት። ዝም አለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ጋሼ ምንም አላሉም። ከዚያ ወረቀት ላይ «ኦስካር ኪሎ» የሚል ጻፈችና ጠራችው፤ ቼክ ሪፐብሊክ ነበር፤ ሙሉ ምልክቱን ሰጣት፤ «ፋይቭ ናይን ሰርቲ ሰቨን» ብላ መለሰች። ከአሥረኛው በኋላ ወረቀቱን ተወችው። ከሠላሳኛው በኋላ ጣቷ ኮምፒውተሩ ላይ ምልክቱን ሰውየው ሳይጨርስ ይጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ቆም አለችና ጣቢያውን ደግማ ጠየቀች፤ መጨረሻ ፊደሉን አልሰማችም ነበር። ጋሼ ከሁሉ ይህን ወደዱላት። በዚህ ውድድር የተሳሳተ ምልክት መመዝገብ ያንን ነጥብ ብቻ አያሳጣም፤ ተጨማሪ ይቀነሳል። የሁሉም ተወዳዳሪ መዝገብ እርስ በርስ በኮምፒውተር ስለሚመሳከር በግምት መጻፍ አያዋጣም።

ሲመሽ ወንበሩን ለቀቀች። «ቁጥር ሰጡኝ እንጂ አላወሩኝም፤ ግን ሁሉም የሚያውቁኝ መሰለኝ» አለች። ኦቦ ከበሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት አገሮች ስም እሳቸው ራሳቸው ይደግሙ ነበር።

ሰኞ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ባንዱ እንደ ተቆረጠ ክር ዝም አለ ብል ማጋነን አይሆንም። ጋሼ የመጨረሻውን ግንኙነት ከአንድ የፖርቱጋል ጣቢያ ጋር አድርገው «ሰቨንቲ ስሪ» ብለው ተሰናበቱ፤ በእኛ ዘንድ የመልካም ምኞት ቁጥር ነው።

ጠዋት መዝገቡን አጣራን። ለመላክ የተሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ነው፤ እኛ ግን ከጅማ ሳንወጣ ካብሪሎ በሚባለው የመዝገብ አቀማመጥ አዘጋጅተን ላክነው። ውጤቱ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። በብዛትም፣ በአገር ቁጥርም ካሰብነው በላይ ነበር፤ በተለይ በ10 ሜትር።

ሄክስ ቢሙን አፈረስን፣ ምሰሶውን አወረድን። የ40 ሜትሩን ሽቦ ግን ኦቦ «ዛፌን አልጎዳው፣ ይቆይ» ስላሉ ተውነው። ተማሪዋና ሁለት ጓደኞቿ ለፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ ማመልከቻቸውን በእኛ እጅ ላኩ። ጋሼ የሞርስ መለማመጃ ቁልፋቸውን ለእሷ ሰጧት፤ የኖቬምበሩ ውድድር በሞርስ ስለሆነ እስከዚያ ቢያንስ መስማት እንድትችል። ለኢንስቲትዩቱ የክበብ ጣቢያ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ረቂቅ እኔ ሰርቦ ሳንደርስ መኪናው ውስጥ ጀመርኩት፤ ወልቂጤ ላይ ምሳ ስንበላ ጋሼ አንድ አንቀጽ አስወጡኝ፣ የዕቃ ዝርዝሩን አስጨመሩኝ። ነገ ተተይቦ ይገባል።